የጨጓራ መድኃኒት ባክቴሪያ ይገድላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጨጓራው ያስቸገረው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ፋርማሲ ነው። ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ ይውጣል፣ ቀለል ይለዋል። ትንሽ ቆይቶ «እስቲ ልመርመር» ብሎ የሰገራ ናሙና ይሰጣል። ውጤቱ «ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የለም» ይላል። መድኃኒቱን ሲያቆም ግን ማቃጠሉ ይመለሳል። ባክቴሪያውም የትም አልሄደም፤ እዚያው ነበር።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ነገሩን ከላብራቶሪ መጀመር ያስፈልጋል። የጨጓራ መድኃኒቶች በባክቴሪያ ላይ ያላቸው ኃይል ባክቴሪያ በሚያድግበት የላብራቶሪ ሳህን ላይ ሲታይ ሌላ ነው፤ ሆድ ውስጥ ሌላ ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ነው ብዙ ሰው ሕክምናው የሚበላሽበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኦሜፕራዞል አንቲባዮቲክ ነው እንዴ?

አይደለም። የተሠራው አሲድ ለመቀነስ ነው። የጨጓራችን ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያመነጩ ሴሎች አሉ። አሲዱን ወደ ውጭ የሚገፉት በጥቃቅን የፕሮቲን ፓምፖች ነው። ኦሜፕራዞል እነዚህ ፓምፖች ላይ ተጣብቆ ሥራ ያስፈታቸዋል። ላንሶፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል፣ ራቤፕራዞል፣ ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የቤተሰቡ ታላቅ ኦሜፕራዞል ሲሆን በ1988 ስዊድን ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ።

ታዲያ «ባክቴሪያም ይገድላል» የሚለው ከየት መጣ? ከላብራቶሪ ነው የመጣው፤ መሠረትም አለው። ኤች ፓይሎሪ የምንለው የጨጓራ ባክቴሪያ በሳህን ላይ እንዲያድግ ተደርጎ ኦሜፕራዞል ወይም ላንሶፕራዞል ሲጨመርበት እድገቱ ይቆማል። የሚገርመው ደግሞ ምርጫው ነው። በዚያው መጠን እንደ ኢ ኮላይ ያሉትን ሌሎች የተለመዱ ባክቴሪያዎች አይነካም። እንደ ሲሜቲዲንና ራኒቲዲን ያሉት የቀድሞዎቹ አሲድ ቀናሾች ደግሞ ኤች ፓይሎሪን ሳህን ላይም አያስቆሙትም።

ላብራቶሪ ውስጥ እንዴት ነው የሚፈተነው?

ኤች ፓይሎሪ ለማሳደግ አስቸጋሪ ነው። መጀመሪያ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከታካሚው ጨጓራ ቅንጣት ታክል ሥጋ ይወሰዳል። ደም የተቀላቀለበት የረጋ ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ይቀባል። ሳህኑ 37 ዲግሪ ሙቀት ያለው ኢንኩቤተር ውስጥ ይገባል። አየሩም እኛ የምንተነፍሰው አይደለም። ኦክስጅኑ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ 10 በመቶ ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው።

ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በማግስቱ ይታያሉ። ይህኛው ግን ከ3 እስከ 5 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሲወጣም ጤዛ የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ነው። ላልለመደው ዓይን ምንም የበቀለ አይመስልም። አውስትራሊያ ፐርዝ ውስጥ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሐኪሞች ባክቴሪያውን ለማሳደግ ሲሞክሩ ሳህኖቹ በ2 ቀን ውስጥ ይጣሉ ነበር። በ1982 የፋሲካ ዕረፍት መጣና ሳህኖቹ ኢንኩቤተሩ ውስጥ ቆዩ። ሰው ተመልሶ ሲያያቸው በቅሏል። ሁለቱ ሰዎች በ2005 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ግኝት ነው።

የመድኃኒት ፈተናው ደግሞ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ከሳህኑ ምግብ ጋር በተለያየ መጠን ይቀላቀላል። አንዱ ሳህን በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮግራም ይይዛል፣ ቀጣዩ 2፣ ከዚያ 4፣ 8፣ 16 እያለ ይቀጥላል። ሁሉም ላይ እኩል ባክቴሪያ ይደረጋል። ከቀናት በኋላ ሳህኖቹ ተደርድረው ይታያሉ። ምንም ያልበቀለበት፣ ከሁሉም ያነሰ መድኃኒት የያዘው ሳህን ነው መልሱን የሚሰጠው። ያ ቁጥር ዝቅ ባለ መጠን መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «አልበቀለም» ማለት የግድ «ሞቷል» ማለት አይደለም። እድገቱ ቆሞ ጊዜ የሚጠብቅ ባክቴሪያም አይታይም።

ሳህን ላይ ከሠራ ሆዴ ውስጥ ለምን አይሠራም?

ከሁሉም በላይ መነገር ያለበት ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። ኦሜፕራዞል ሳህን ላይ ኤች ፓይሎሪን ለማስቆም በሚሊ ሊትር በአስሮች የሚቆጠር ማይክሮግራም ይፈልጋል። ላንሶፕራዞል የሚፈልገው ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። ትክክለኛ አንቲባዮቲክ የሆነው አሞክሳሲሊንስ? መድኃኒቱን ላልተላመደ ባክቴሪያ 0.125 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በታች ይበቃል። አሁን ሰው አካል ውስጥ ያለውን እንይ። አንድ ባለ 20 ሚሊግራም ኦሜፕራዞል ሲዋጥ ደም ውስጥ የሚደርሰው ከፍተኛ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሚሊ ሊትር ከ1 ማይክሮግራም አያልፍም። ከዚያም በ1 ሰዓት ገደማ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። ሳህን ላይ ያለው ባክቴሪያ ግን ለቀናት በመድኃኒቱ እንደተከበበ ነው የሚቆየው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ብዙ ሰው ካፕሱሉ ጨጓራ ውስጥ ተፈቶ ባክቴሪያው ላይ የሚፈስ ይመስለዋል። አይደለም። ኦሜፕራዞል አሲድ ሲነካው ይበላሻል። ስለዚህ ጨጓራን አልፎ አንጀት ላይ እንዲሟሟ ተሸፍኖ ነው የሚሠራው። ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፣ በደም በኩል ዞሮ ወደ አሲድ አመንጪ ሴሎች ይመጣል። ባክቴሪያው ግን የተቀመጠው በሌላ ወገን ነው፤ የጨጓራን ግድግዳ በሸፈነው ዝልግልግ ንፍጥ ውስጥ ተቀብሮ።

ሦስተኛው የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው። ኦሜፕራዞል ሳህን ላይም ቢሆን እንዳለ አይቆይም። ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ነገሮች ይቀየራል። ስለዚህ ሳህኑ ላይ ባክቴሪያውን ያስቆመው ራሱ መድኃኒቱ ይሁን ከእሱ የተገኘ ሌላ ነገር መለየት ያስፈልጋል። «ላብራቶሪ አረጋገጠ» የሚል ዜና ሲያዩ ይህን ያስታውሱ።

በሰው ላይ ሲሞከርም ውጤቱ ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማል። ኦሜፕራዞል ብቻውን ሲሰጥ የባክቴሪያው ብዛት ይቀንሳል፣ ምርመራ ላይ እስከ መጥፋትም ይደርሳል። መድኃኒቱ ከቆመ ከሳምንታት በኋላ ግን ተመልሶ ይገኛል።

በምን መንገድ ነው የሚያስቆመው?

ኤች ፓይሎሪ አሲድ ውስጥ የሚኖረው ዩሪየስ በሚባል ኢንዛይም እርዳታ ነው። ኢንዛይሙ ዩሪያን ሰባብሮ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያው ባክቴሪያው ዙሪያ ያለውን አሲድ ያረክሳል። የኦሜፕራዞል ቤተሰብ ይህን ኢንዛይም ያዳክማል። ይሁንና ነገሩ በዚህ ብቻ አያልቅም። ዩሪየስ የሌላቸው የኤች ፓይሎሪ ዝርያዎችም ሳህን ላይ በመድኃኒቱ ይቆማሉ። ሌላም የሚነካው ቦታ አለ ማለት ነው።

ቢስሙዝስ? እሱም የጨጓራ መድኃኒት አይደል?

ነው። እንዲያውም ባክቴሪያ መግደልን ካነሳን ከአሲድ ቀናሾቹ ይልቅ ስሙ መጠራት ያለበት እሱ ነው።

ቢስሙዝ የብረታ ብረት ዓይነት ነው፤ በጨው መልክ ለሆድ ሕመም ሲሰጥ ኖሯል። ኤች ፓይሎሪ ከመታወቁ በፊት ሐኪሞች አንድ ግራ የገባቸው ነገር ነበር። በሲሜቲዲን የዳነ የጨጓራና የአንጀት ቁስለት ቶሎ ይመለሳል። ዴ ኖል በተባለው የቢስሙዝ መድኃኒት የዳነው ግን ብዙም አይመለስም። ሁለቱም ቁስሉን ያደርቃሉ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ማርሻል የቢስሙዝ መድኃኒቱን ባክቴሪያው በበቀለበት ሳህን ላይ አስቀመጠው። በመድኃኒቱ ዙሪያ ባክቴሪያ የማይበቅልበት ጥርት ያለ ክብ ታየ። ለዓመታት «ቁስል ሸፋኝ» ሲባል የኖረው መድኃኒት ባክቴሪያ ሲገድል ኖሯል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ የላብራቶሪ ታሪክ በጣም የምወደው ይህን ነው። አንዲት ሳህን ሐኪሞች በሽተኞቻቸው ላይ ሲያዩት ለቆዩት ነገር ምክንያቱን ሰጠች።

ቢስሙዝ ሆድ ውስጥም የሚሠራበት ምክንያት አለው። ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ በታች ነው። የቀረው ጨጓራና አንጀት ውስጥ ይቀራል፤ ባክቴሪያውን በቀጥታ ያገኘዋል። የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳል፣ ኢንዛይሞቹን ያውካል፣ ከግድግዳው ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ባክቴሪያውም እሱን የመላመድ ነገር እምብዛም አይታይበትም። ቢሆንም ብቻውን ጠራርጎ የሚያድነው ጥቂቱን ሰው ነው። ከአንቲባዮቲክ ጋር ሲሆን ነው ኃይሉ የሚታየው።

አሜሪካ ያላችሁ ቢስሙዝን የምታውቁት ፔፕቶ ቢስሞል በሚባለው ሮዝ ፈሳሽ ነው። ምላስና ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ቢስሙዙ ከድኝ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ቀለም ነው። ይህ ዓይነቱ ቢስሙዝ ግን የአስፒሪን ዘመድ ስላለበት አስፒሪን ለማይስማማው ሰውና ለልጆች አይሰጥም። ለወራት በላይ በላዩ መውሰድም አይገባም። በ1970ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ቢስሙዝን ለረጅም ጊዜ በብዛት የወሰዱ ሰዎች አንጎላቸው ታውኮ ነበር።

ሐኪሙ ከምርመራ በፊት ኦሜፕራዞል አቁም ያለኝ ለምንድን ነው?

መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሳያጠፋ ስለሚደብቀው ነው። መግቢያው ላይ ያነሳሁት ሰው የገጠመው ይኸው ነው።

የትንፋሽ ምርመራ የሚያየው የባክቴሪያውን ዩሪየስ ሥራ ነው። የሰገራ ምርመራ የሚያየው ከባክቴሪያው የሚረግፉ ፕሮቲኖችን ነው። ኦሜፕራዞል የባክቴሪያውን ቁጥርም ሥራም ዝቅ ስለሚያደርግ ሁለቱም ምርመራዎች በሐሰት «የለም» ሊሉ ይችላሉ። በኢንዶስኮፒ የሚወሰድ ናሙናም ከዚህ ችግር አያመልጥም፤ ባክቴሪያው ከታችኛው የጨጓራ ክፍል ወደ ላይኛው ስለሚሸሽ ከአንድ ቦታ ብቻ ከተወሰደ ሊሳት ይችላል።

የተለመደው መመሪያ እንዲህ ነው። ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ይቆማሉ። አንቲባዮቲክና ቢስሙዝ 4 ሳምንት በፊት። ለሚመረምርዎት ባለሙያ የወሰዱትን ሁሉ ይንገሩ፤ ከጎረቤት የተዋሱትን አንድ ሁለት ፍሬም ጭምር። ጨጓራው ደምቶ የሚያውቅ፣ ወይም አስፒሪንና ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ማቆሙ ራሱ አደጋ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ነው የሚወስነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ኤች ፓይሎሪ ተገኝቶባቸዋል። ኦሜፕራዞል ደግሞ እንደ ልብ ይገዛል። ሁለቱ ሲገናኙ ስንት የተሳሳተ «የለም» እንደሚወጣ ማሰብ ይቻላል። እኔ ብጠየቅ የምርመራ ወረቀት ላይ «ኦሜፕራዞል መቼ ነው የወሰዱት?» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር እፈልጋለሁ።

ታዲያ ከአንቲባዮቲክ ጋር አብሮ የሚታዘዘው ለምንድን ነው?

ሜዳውን ለአንቲባዮቲኩ እንዲያመቻች ነው። አሞክሳሲሊን የሚገድለው በመራባት ላይ ያለ ባክቴሪያን ነው። ኤች ፓይሎሪ ደግሞ በደንብ የሚራባው አሲዱ ሲረክስ ነው። ክላሪትሮማይሲን ደግሞ አሲድ ውስጥ ይበላሻል። አሲዱ ሲቀንስ ሁለቱም ይጠቀማሉ። በቅርብ ዓመታት የመጣው ቮኖፕራዛን የተባለ አሲድ ቀናሽ ከአንቲባዮቲክ ጋር ጥሩ ውጤት የሚያሳየውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አሲዱን ከኦሜፕራዞል ይበልጥ አጥብቆ ያፍነዋል።

ክላሪትሮማይሲንን የተላመደ ባክቴሪያ በብዙ አገር እየበዛ ነው። ስለዚህ አሁን ብዙ ሐኪሞች የሚመርጡት የአራት መድኃኒት ጥምር ነው፦ አሲድ ቀናሽ፣ ቢስሙዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል፣ ለ14 ቀን። ክኒኑ ብዙ ነው፣ አፍ ይመራል፣ ያቅለሸልሻል። በ5ኛው ቀን «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ ግን የተረፈውን ባክቴሪያ መድኃኒት ማስለመድ ነው።

ኦሜፕራዞል ባክቴሪያ ከነካ ከሌላ የሆድ ኢንፌክሽንም ይከላከልልኛል?

እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ከምግብና ከውኃ ጋር የሚገባውን ባክቴሪያ በመጀመሪያ የሚገድለው የራሳችን የጨጓራ አሲድ ነው። አሲዱ ሲቀንስ ይህ አጥር ይላላል። አሲድ ቀናሽ የሚወስዱ ሰዎች ላይ እንደ ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተር ያሉ የአንጀት ኢንፌክሽኖች በብዛት ይታያሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም በ2012 ከእነዚህ መድኃኒቶችና ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ከሚያመጣው ብርቱ ተቅማጥ ጋር በተያያዘ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት የሚወዱ ከሆነ ኦሜፕራዞል በሚወስዱበት ጊዜ ቢተዉት ይሻላል። ክትፎውን ለብለብ ሳይሆን በደንብ ያስበስሉት።

ላንሶፕራዞል ቲቢ ይገድላል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ላብራቶሪ ውስጥ የታየ ነገር ነው። አገኛኘቱም ደስ የሚል ነው።

ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ በስቱዋርት ኮል የሚመራ ቡድን ለሌላ በሽታ የተፈቀዱ መድኃኒቶችን በቲቢ ባክቴሪያ ላይ ሞከረ። ባክቴሪያውን በምግብ ላይ ብቻ አላሳደጉትም፤ ከሰው የሳንባ ሴሎች ጋር አደረጉት። ላንሶፕራዞል ሴሎቹን ከሞት አዳናቸው። መድኃኒቱ ለብቻው ከባክቴሪያው ጋር ሲደረግ ግን ምንም አልሠራም። ምክንያቱ ሲፈለግ የሰው ሴሎች ላንሶፕራዞልን ላንሶፕራዞል ሰልፋይድ ወደሚባል ነገር ይቀይሩታል፤ የቲቢውን ባክቴሪያ የኃይል ማመንጫ የሚያቆመው እሱ ነው። ውጤቱ በ2015 ታተመ። የዚያው ቤተሰብ ኦሜፕራዞል ይህ ኃይል የለውም። ባክቴሪያው ብቻውን ባደገበት ሳህን ላይ ብቻ ቢፈተን ኖሮ ላንሶፕራዞል «አይሠራም» ተብሎ ይጣል ነበር። ሳህን በሐሰት ተስፋ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ እውነተኛውንም ሊያስጥል ይችላል።

ከዚያ በኋላ በብሪታንያ የሕክምና መዝገቦች ላይ በተሠራ ጥናት ላንሶፕራዞል የሚወስዱ ሰዎች ኦሜፕራዞል ወይም ፓንቶፕራዞል ከሚወስዱት ያነሰ ቲቢ ታይቶባቸዋል። ይህ ግን መዝገብ አይቶ ማወዳደር ነው፤ ታማሚን አክሞ መፈተን አይደለም። ላንሶፕራዞል ዛሬ የቲቢ መድኃኒት አይደለም። ከ2 ሳምንት በላይ የሚያስልዎት ከሆነ፣ ማታ የሚያልብዎትና ክብደት የሚቀንሱ ከሆነ የአክታ ምርመራ ያድርጉ። ኢትዮጵያ ውስጥ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ሕክምና በነፃ ነው።

ነጭ ሽንኩርትም ሳህን ላይ ኤች ፓይሎሪን ይገድላል ይባላል። ብበላውስ?

ሳህን ላይ ይገድላል። ሰው ላይ ግን ተሞክሯል። በ1999 አሜሪካ ውስጥ በወጣ አነስተኛ ጥናት ኤች ፓይሎሪ ያለባቸው 12 ሰዎች ከምግብ ጋር ነጭ ሽንኩርት ወይም የሚያቃጥል ቃሪያ እንዲበሉ ተደረገ። ነጭ ሽንኩርቱ 10 ፍንካች ነበር፤ ትንሽ አይደለም። በትንፋሽ ምርመራ ሲታይ ባክቴሪያው ምንም አልሆነም። ለማነጻጸሪያ የተሰጠው ቢስሙዝ ግን ወዲያው ሥራውን ቀነሰው። ነጭ ሽንኩርት ለወጥ ጥሩ ነው። ለኤች ፓይሎሪ ብለው ጨጓራዎን አያቃጥሉበት።

ካፕሱሉን ከፍቼ ዱቄቱን በውኃ ብጠጣው ባክቴሪያውን በቀጥታ አያገኘውም?

አያገኘውም። ውስጥ ያሉት ትናንሽ ፍሬዎች እያንዳንዳቸው ተሸፍነዋል። ሽፋኑ ከተፈጨ መድኃኒቱ አሲድ ውስጥ ይበላሻል፤ ወደ ጠቆር ያለ ሐምራዊና ቡናማ ይቀየራል። ያኔ አሲድም በደንብ አይቀንስልዎትም። ካፕሱሉን እንዳለ፣ ከምግብ 30 ደቂቃ ገደማ በፊት ይዋጡት።

ሕክምናውን ጨርሻለሁ። መጥፋቱን መቼና በምን ልመርመር?

አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠብቁ፤ ከእነዚህም የመጨረሻዎቹን 2 ሳምንታት ኦሜፕራዞል አይውሰዱ። የትንፋሽ ወይም የሰገራ ምርመራ ይጠይቁ። የደም ምርመራ ለዚህ አይሆንም። ደም ውስጥ የሚታየው ሰውነትዎ ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራው ፕሮቲን ነው፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ ለዓመታትም ሊቆይ ይችላል። በደም ውጤት ብቻ «አሁንም አለብህ» ተብለው ድጋሚ አንቲባዮቲክ ከታዘዘልዎት፣ ከመጀመርዎ በፊት የሰገራ ምርመራ እንዲደረግልዎት ይጠይቁ። በእነዚያ 2 ሳምንታት ቃር ካስቸገረዎት ፋርማሲ የሚሸጠውን የሚታኘክ ወይም የሚጠጣ ፀረ አሲድ መጠቀም ይችላሉ፤ እሱ ኤች ፓይሎሪን ስለማይነካ ባክቴሪያውን ከምርመራው አይሰውረውም።